«መቼ ነው የጀመረኝ?»

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ከላይ የአክስቴ ስምና ዕድሜ፣ ናሙናው ከግራ ጡቷ የተወሰደበት ቀን፤ ከታች ደግሞ አራት አጫጭር መስመሮች። ኢ.አር. ፖዘቲቭ። ፒ.አር. ፖዘቲቭ። ኸር-2 ኔጌቲቭ። ኪ-67፣ 30 በመቶ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አክስቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። እኔም ብዙ የገባኝ ነገር አልነበረም፤ ሐኪም አይደለሁም። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የጀመረኝ?»

«እድናለሁ ወይ?» አላለችም። «ስንት ብር ይፈጃል?» አላለችም። መቼ እንደጀመረ ነው ማወቅ የፈለገችው። የራሷ መልሶች ነበሯት። አንደኛው ላሟን ስታልብ ደረቷ ላይ የረገጠቻት ቀን ነው። ሁለተኛው የመጨረሻ ልጇን ቶሎ ጡት ያስጣለችበት ዓመት። ሦስተኛውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፦ የሰው ዓይን ነው። አራተኛው የወጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሰኔ 2015 ላይ ገላዋን ስትታጠብ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር በጣቷ ዳስሳ አግኝታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። «እኔው ነኝ ያሳደግኩት» አለች።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። «መቼ ጀመረ?» የታሪክ ጥያቄ ነው፤ እኔም ማታ ማታ ሳነብ ያገኘሁት ሁለት ታሪክ ነው። አንዱ የሰው ልጅ ይህን በሽታ ለመረዳት የሄደበት ረጅም መንገድ፣ ሌላው በአንዲት የላይ ጋይንት ሴት ጡት ውስጥ ማንም ሳያይ ያለፉት ዓመታት። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።

ስሙ የማይጠራው

አገራችን ከጉና ተራራ ወዲያ ነው። ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ብርዳማዋን ንፋስ መውጫን አልፎ ወደ ወሎ ይዘልቃል። ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳሉ፤ እስቴ ደግሞ በጉና ደቡባዊ ጎን ነው። ወደ አያቴ ስልክ ደውዬ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ በአንቱ ጊዜ የጡት ነቀርሳ ነበር?»

«ምን ይጠፋል ልጄ። ስሙን አንጠራውም እንጂ። ‹ጡቷን አመማት› ይባላል፣ ከዚያ ትቀበራለች።»

ስሙ ሲጠራም ችግር አለው። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ሁለት በሽታ ተሸክሟል። ቲቢን የሳንባ ነቀርሳ እንላለን፤ ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን። ከተማ ላይ ይህ የቃል ጉዳይ ሆኖ ያልፋል። ገጠር ግን ቲቢ እንደሚተላለፍ ሁሉም ስለሚያውቅ ነቀርሳ የተባለ ሁሉ ይተላለፋል ብሎ የሚሰጋ አለ። የአክስቴ መታመም ሲሰማ አንዲት ጎረቤት የምትጠጣበትን ዋንጫ ለብቻ አስቀመጡላት። ካንሰር በዋንጫ አይተላለፍም። አክስቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቡና ጥሪ መሄድ አቆመች።

ሰው ይህን በሽታ ካወቀው ቆይቷል። ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የግብፅ የሕክምና ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ የተገለበጠ ነው። ስለ ጡት እብጠት ይናገራል፤ ሕክምናው ላይ ሲደርስ የለውም ይላል። ግሪኮች ከእብጠቱ ዙሪያ የሚወጡት ሥሮች የሸርጣን እግር መስለዋቸው በሸርጣን ስም ጠሩት፤ ዛሬ «ካንሰር» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጌለን ምክንያቱ የጥቁር ሐሞት መብዛት ነው አለ፣ ዓለምም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አመነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስተድ ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት እጢዎች ጋር አንድ ላይ ያነሳ ጀመር። በሽታው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ዙሪያው ይስፋፋል፣ ሰፋ አድርጎ የቆረጠ ይቀድመዋል የሚል እምነት ነበረው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕክምናው ይኸው ነበር።

እነዚህ ሁሉ «የት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የአክስቴን ጥያቄ ለመመለስ ግን ጡቱን ትቶ አንዲት ሴል ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር።

የቤተልሔም ምስክር

እዚህ ላይ ከአገሬ አንድ ነገር ልዋስ። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም የሚባል ደብር አለ፤ የድጓ ምስክር ቤት ነው። ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ነው። በድሮው ልማድ ተማሪው ድጓውን በእጁ ገልብጦ ይጽፋል፣ መምህሩ ፊደሉንም የዜማ ምልክቱንም ያርማል። ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? አንድ ስህተት ዝም ተብሎ ካለፈ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሁሉ ስህተቱን ይወርሳላ።

ሴልም ሲከፈል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በእያንዳንዷ ሴላችን ውስጥ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ፣ ርዝመቱ ወደ 6 ቢሊዮን ፊደል የሚጠጋ መጽሐፍ አለ፤ ዲ.ኤን.ኤ. የምንለው። አንዷ ሴል ሁለት ለመሆን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ትገለብጥና አንዱን ቅጂ ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ትሰጣለች። በመንገዱ ላይ ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው ከመገልበጡ በፊት ይቆማል፦ እንድትከፈል የጠራት አለ ወይ? መጽሐፉስ ደህና ነው? ሁለተኛው ከተገለበጠ በኋላ፦ አልቋል? ስህተቱ ታርሟል? ሦስተኛው ሊከፋፈሉ ሲሉ፦ ቅጂዎቹ ለሁለቱም እኩል ደርሰዋል? መልሱ «አይደለም» ከሆነ ሴሏ ቆማ ታርማለች። ካልተቻለ ራሷን ታጠፋለች።

ካንሰር እነዚህ ምስክሮች አንድ በአንድ ከቦታቸው ሲጠፉ የሚመጣ ነው። ይህ የታወቀው ደግሞ ማንም ባልጠረጠረው ቦታ ነው።

ከጋኑ ውስጥ

አያቴ ጠላ ሲጠምቁ ጥንስሱን ጠንስሰው ጋኑን ወደ ምድጃው ያስጠጉታል። «ካልሞቀው አይፈላም» ይላሉ፤ የንፋስ መውጫን ብርድ የሚያውቅ ይረዳቸዋል። ጋኑ ውስጥ የሚሠራው እርሾ ነው፣ ማለትም እያንዳንዷ አንዲት ሴል ብቻ የሆነች ሕይወት። የጠላ እርሾ ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎች ሳካሮማይሲስ የተባለውን ወገን አግኝተውበታል፤ የዳቦና የቢራ እርሾም ከዚሁ ወገን ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊላንድ ሃርትዌል የሚባል አሜሪካዊ ይህን እርሾ ይዞ ተነሳ። ይህ እርሾ ሲከፈል ከጎኑ እምቡጥ ያወጣል፣ እምቡጡ ያድጋል፣ ይለያል። ስለዚህ የእምቡጡን መጠን ያየ ሰው ሴሏ የት ደረጃ ላይ እንዳለች ያውቃል። ሃርትዌል ጂናቸው የተበላሸ እርሾዎችን ፈለገ፦ በቀዝቃዛው ደህና የሚከፈሉ፣ ሲሞቁ ግን አንድ ደረጃ ላይ ደርሰው ቀጥ የሚሉ። አንዱ ሁልጊዜ ከእምቡጥ በፊት ይቆማል፣ ሌላው እምቡጡ ካደገ በኋላ። እያንዳንዱ የሚቆምበት ቦታ አንድ ጂን የሚሠራበት ቦታ ነው። እንዲህ እያለ መከፈልን የሚመሩ ከመቶ በላይ ጂኖች ለየ። ሴሏ ስህተት ስታይ ቆማ እንደምታርምም ያሳየው እሱ ነው።

ከባሕር ማዶ እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በሌላ እርሾ ላይ ይሠራ ነበር። የዚያ እርሾ ስም ፖምቤ ነው፤ በስዋሂሊ ጠላ ማለት። በ1893 ፓውል ሊንድነር የተባለ ጀርመናዊ ያገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ ውስጥ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ነርስ የመከፈሉን ጊዜ የሚወስን አንድ ዋና ጂን አገኘ። ከዚያ በ1987 እሱና ሜላኒ ሊ አንድ ደፋር ሙከራ አደረጉ፦ ያ ጂን ስለተበላሸ መከፈል ላቃተው እርሾ የሰው ጂኖችን ሰጡት። ከሰው ጂኖች አንዱ የእርሾውን ጂን ተክቶ ሠራ፤ እርሾው ተከፈለ። እርሾና ሰው ከተለያዩ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል ተብሎ ይታሰባል፤ ሞተሩ ግን ያው አንድ ነው።

ሦስተኛው ቲም ሀንት ነው። በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሲሠራ አንድ ፕሮቲን እየተጠራቀመ ሄዶ ልክ ሴሉ ሲከፈል ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ ከዚያ እንደገና ሲጠራቀም አየ። ሳይክሊን አለው። የነርስ ፕሮቲን ሞተሩ ከሆነ የሀንት ፕሮቲን በየዙሩ የሚሠራና የሚጣል ቁልፍ ነው። ሦስቱ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ይህን ለአያቴ በስልክ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግዲህ የጠላው እርሾና የልጄ ደዌ ዘመድ ናቸው በለኛ» አሉ። ዘመድ አይደሉም። ግን ልጃቸውን የያዘውን ነገር ለመረዳት መንገዱ በጋኑ በኩል ነበር።

ምስክሮቹ ሲጠፉ

ወደ ጡት እንመለስ። ወተት የሚሠራውና የሚያመላልሰው ክፍል በቀጫጭን ቧንቧዎች የተሞላ ነው። ልጃገረድ ከሆነችበት ጊዜ ጀምሮ ቧንቧዎቹን የሚሸፍኑት ሴሎች የኢስትሮጅን ሆርሞንን ጥሪ ይሰማሉ። ሆርሞኑ ሴሏ ውስጥ ገብቶ ተቀባዩን ሲይዝ ሳይክሊን ዲ-1 የተባለው ቁልፍ ይመረታል። ቁልፉ ሲ.ዲ.ኬ.-4 እና ሲ.ዲ.ኬ.-6 የሚባሉትን ሞተሮች ያስነሳል። ሞተሮቹ አር.ቢ. የተባለውን የመጀመሪያ በር ዘበኛ ከቦታው ያነሱታል፣ መጽሐፉ መገልበጥ ይጀምራል። ጥሪው ሲያበቃ ቁልፉ ይጣላል፣ በሩም ይዘጋል። ጤነኛ ጡት እንዲህ ነው።

ከበሩ ጀርባ ሌላ ጠባቂ አለ፦ ፒ-53። መጽሐፉ ሲጎዳ ሥራውን የሚያስቆመው እሱ ነው። የእሱ ታሪክ ለብቻው ያስገርማል። በ1979 ሲገኝ ካንሰር አምጪ ነው ተባለ፤ ሴል ውስጥ ሲያስገቡት ካንሰር ያበረታ ነበራ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1989፣ ነገሩ ተገለጠ። ሲሠሩበት የነበረው ጂን የተበላሸ ቅጂ ኖሯል። ጤነኛው ፒ-53 ካንሰርን የሚከለክል ነው። የተሳሳተ ቅጂ ይዘው ዘበኛውን ሌባ ሲሉት ከረሙ። ቤተልሔም ቢሆን መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ያርሙት ነበር።

በጡት ካንሰር የሚጠፉት ምስክሮች ከሴት ሴት ይለያያሉ። ከመቶ 15 ያህሉ ላይ የሳይክሊን ዲ-1 ጂን ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ቁልፉ ያለ ጥሪ ይመረታል። ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ ፒ-53 ተበላሽቷል፤ ሦስት-ኔጌቲቭ በሚባለው ዓይነት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ። አንዳንዶች ሲወለዱ ጀምሮ የተጎዳ መጽሐፍ ማረም የሚያግዝ ጂን ጎድሎባቸው ይወለዳሉ። ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 ክሮሞሶም 17 ላይ መኖሩን ያሳየችው፣ በ1994 ተለይቶ የወጣው ብራካ-1 እንዲህ ያለ ነው።

አንድ ምስክር ስለጠፋ ብቻ ካንሰር አይመጣም። መጀመሪያ በቧንቧው ውስጥ ሴሎች ከልክ በላይ ይበዛሉ። ከእነሱ አንዷ ሌላ ስህተት ትጨምራለች፣ መልኳ ይዛባል። ከዚያ ቧንቧው በካንሰር ሴል ይሞላል፤ ግን ገና በቀጭን አጥር ውስጥ ታጥሮ ነው። በዚህ ደረጃ ከተነሳ ከሞላ ጎደል ይድናል። አጥሩን ሲጥስ ነው ወራሪ የሚባለው። ተመራማሪዎች የታጠረውንና የጣሰውን ጎን ለጎን አድርገው ጂኖቻቸውን ሲያነቡ ያገኙት ነገር ከባድ ነው፦ አብዛኛው ብልሽት አጥሩ ሳይጣስ በፊት ቀድሞ አለ። ታሪኩ የሚጻፈው ገና ማንም ሊዳስሰው በማይችልበት ጊዜ ነው።

አራቱ መስመሮች

አሁን የአክስቴን ወረቀት ማንበብ ይቻላል።

ኢ.አር. የኢስትሮጅን ተቀባዩ ነው። በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ሐኪም ጡታቸውን ለታመሙ ሴቶች እንቁልጢያቸውን አወጣላቸው፤ እብጠቱ ቀነሰ። ሐሳቡን ያገኘው ከከብት ነው። የላም እንቁልጢ ሲወጣ ወተቷ ሳይነጥፍ እንደሚቆይ ሰምቶ ነበር፤ እንግዲህ ጡትና እንቁልጢ የሚነጋገሩበት መንገድ አለ ብሎ አሰበ። ኢስትሮጅን ገና አልታወቀም። ተቀባዩን በ1950ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ላይ ኤልውድ ጄንሰን አገኘው። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ1962 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ለወሊድ መከላከያ ተብሎ ነበር፤ ለዚያ አልሆነም። ተቀባዩን ይዞ ኢስትሮጅንን በር ላይ እንደሚያስቀረው ሲታወቅ የጡት ካንሰር መድኃኒት ሆነ። በቀን አንድ ኪኒን ነው፣ ርካሽ ነው። ጥሪው ሲቋረጥ ሳይክሊን ዲ-1 ይቀንሳል፣ ሴሏ መጀመሪያው በር ላይ ትቆማለች።

ፒ.አር. ሌላ ሆርሞን፣ ፕሮጄስቴሮን፣ የሚቀበል ነው። የሚመረተው በኢስትሮጅን ተቀባዩ ትእዛዝ ስለሆነ እሱ መኖሩ ኢ.አር. በእርግጥ ሥራ ላይ መሆኑን ይናገራል።

ኸር-2 በሴሏ ቆዳ ላይ ያለ አንቴና ነው። በ1987 ዴኒስ ስላሞን ጂኑ የተባዛባቸው ሴቶች በሽታ እንደሚፈጥን አሳየ፤ ያን አንቴና የሚይዘው ትራስቱዙማብ በ1998 ተፈቀደ። አክስቴ ላይ ኔጌቲቭ ነው።

ኪ-67 ስሙ ከሁሉ ያስቀኛል። «ኪ» ኪል የምትባል የጀርመን ከተማ ናት፤ 67 ደግሞ በ1983 የወጣውን ፀረ-አካል ሲፈልጉ የተገኘበት የላቦራቶሪ ሳህን ጉድጓድ ቁጥር። ይህ ፕሮቲን በመከፈል ዙር ላይ ያለች ሴል ውስጥ አለ፣ ያረፈች ሴል ውስጥ የለም። ስለዚህ «30 በመቶ» ማለት ናሙናው ሲወሰድ ከአክስቴ መቶ የካንሰር ሴሎች 30ዎቹ በመከፈል መንገድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ፈጣን ነው።

ሽንብራና እንቁላል

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት፣ ማለትም ሽንብራ የሚያህል፣ አንድ ቢሊዮን ገደማ ሴል እንደሚይዝ ይገመታል። ከአንዲት ሴል ተነስቶ አንድ ቢሊዮን ለመድረስ 30 ጊዜ እጥፍ መሆን ይበቃል። አክስቴ አዲስ አበባ ስትደርስ እብጠቱ የእንቁላል ያህል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከአንድ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ለመድረስ 7 እጥፍ ብቻ ነው የቀረው።

ያ ሰባት እጥፍ ከሰኔ 2015 እስከ ታኅሣሥ 2017 አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ፤ ለአንዱ እጥፍ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። በዚያው ፍጥነት ሠላሳውን ወደ ኋላ ብንቆጥር ስድስት ዓመት ያልፋል። ፍጥነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስለዚህ ቀን ቆርጬ መስጠት አልችልም። ግን በግምት 2009 ዓ.ም. ነው። ላሟ ስትረግጣት በሽታው ውስጧ ነበር። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲገባ፣ የጤና ተቋማትም ከጉዳቱ ሳያመልጡ፣ እሷ ልጆቿን ይዛ ስትሸሽ አብሯት ሸሽቷል። ማንም አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም ነበር።

ሌላውም እውነት አለ። የመጨረሻዎቹ ሰባት እጥፎች ከሁሉ የከፉት ናቸው። አጥሩን ጥሶ ወደ ብብት እጢ የሚሄደው፣ አዳዲስ ስህተት የሚጨምረው፣ ሕክምናውን የሚያከብደው ያኔ ነው። ለአክስቴ ያ ጊዜ እንዴት አለፈ? መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ መድኃኒት አዋቂ ቅጠል አሰረላት። ጠበል ገባች፤ ጠበሉን አልነቅፍም፣ ብርታት ሰጥቷታል። ከዚያ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ «እባጭ ነው» ተብላ የቁስል መድኃኒት ተሰጣት። በዚያው መካከል በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ አንዴ ተከፍቶ አንዴ ይዘጋል። ባሕር ዳር የደረሰችው በሦስተኛ ሙከራዋ ነው።

የእኛ ሴቶች ሴል

ብቻዋን አይደለችም። ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባን ሕሙማን የሚመዘግበው የካንሰር መዝገብ የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታየው ካንሰር ሁሉ ቀዳሚው መሆኑን ያሳያል፤ ወደ ሲሶ የሚጠጋው እሱ ነው። ለአገሪቱ በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች ይላል። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

የሚያጽናናም ነገር አለ። በውጭው ዓለም «የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር አብዛኛው ሦስት-ኔጌቲቭ ነው» የሚል አባባል ሥር ሰዶ ነበር፤ ብዙው መረጃ የመጣው ከምዕራብ አፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን ነው። ሦስት-ኔጌቲቭ ማለት ኢ.አር.፣ ፒ.አር.ና ኸር-2 ሦስቱም የሌሉበት፣ ታሞክሲፈን የማይሠራበት ማለት ነው። ኢትዮጵያውያንና ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የጥቁር አንበሳ ታማሚዎችን ናሙና መርምረው በ2014 ያወጡት ውጤት ሌላ ሆነ፦ ከሦስት ሴቶች ወደ ሁለቱ የሚጠጉት ኢ.አር. ፖዘቲቭ ናቸው። በሌላ አነጋገር ያች ርካሽ ኪኒን ለአብዛኞቹ ሴቶቻችን ትሠራለች።

ግን ኪኒኗን ለማን እንደምትሰጥ የሚናገረው ያ የወረቀት መስመር ነው። ያን መስመር ለመጻፍ ናሙናው በደንብ መቀመጥ፣ መቀባት፣ በፓቶሎጂስት ዓይን መነበብ አለበት። ይህ የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ የምትነሳ ሴት ስንት መኪና መቀየር እንዳለባት ቁጠሩ። ከእርሾ የተጀመረው ምርምር በ2015 ፓልቦሲክሊብ የተባለ፣ ሲ.ዲ.ኬ.-4 እና 6ን በቀጥታ የሚያቆም መድኃኒት አስገኝቷል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጠላ ለዓለም ያበደረው ነገር አለ። ዋጋው ግን ከእኛ ኪስ በላይ ነው። ታሞክሲፈን በአቅማችን ነው፤ የሚጎድለው መስመሯን ማንበብ የሚችል ላቦራቶሪና በጊዜ የመጣች ሴት ናቸው።

መልሱ

አክስቴ ኬሞቴራፒውን ጨርሳ ጡቷ ከተነሳ በኋላ ነው ይህን ሁሉ የነገርኳት።

«እትዬ፣ ላሟ አይደለችም። ልጅሽን ጡት ማስጣልሽም አይደለም። የሰው ዓይንም አይደለም። ስምንት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ አንቺም አታውቂም፣ ሐኪምም አያውቅም።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«ሰኔ ላይ ብናገር ኖሮስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ይሻል ነበር» አልኳት። «ጥፋቱ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም። ብትናገሪም ያን መስመር የሚያነብልሽ ቅርብ አልነበረም።»

ራሷን ነቀነቀች። ታሞክሲፈኗን ማታ ማታ ከእራት በኋላ ትወስዳለች፤ አምስት ዓመት ትቀጥላለች። ያን ቀን ማታ ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ ስልኬን ተቀብላ ስማዳ ያለችው ታናሽ እህቷ ጋ ደወለች። ሰላምታውን አሳጠረችው።

«ስሚኝ» አለቻት፣ «ነገ ስትታጠቢ ደረትሽን ዳስሺ። ሽንብራ ታህል እንኳ ብታገኚ እንዳትደብቂኝ። ሴቶቹንም ሰንበቴ ላይ ንገሪልኝ። እንዳይፈሩሽ፣ በዋንጫ አይተላለፍም በያቸው።»